የቆየ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ከሥሩ ሲያጉረመርም፦ መንስኤውን ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቆየ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ሥር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን)፣ ሁለት የማስተላለፊያ ዘንጎች ከነክሮቼራዎቻቸው (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎቻቸው)፣ ሁለት ዲፈረንሻሎች (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍሉ) እና የአራቱም ጎማ ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) አሉ፤ ሲያልቁም አብዛኞቹ የሚያሰሙት ጉርምርምታ ይመሳሰላል። ጤነኛ ዲፈረንሻል አስፈትቶ ድምፁን እንደያዘ ወደ መንገድ የሚመለስ ባለቤት የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ስህተት ድምፁ በተሰማበት ቦታ መፍረድ ነው። ጉርምርምታ በሻንሲውና በወለሉ በኩል ስለሚጓዝ ከፊት የተነሣው ከኋላ ወንበር ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ከየት ይሰማል» ከማለት ይልቅ «ከምን ጋር ይለወጣል» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ገላጣና ሜዳማ መንገድ ላይ ድምፁ ጎልቶ በሚሰማበት ፍጥነት፣ ፍጥነቱን ሳይለውጡ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ነው፤ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ድምፁ እንደነበረ ከቀጠለ፣ ተጠርጣሪው ከጎማ ጋር የሚዞር ክፍል ነው። ለአፍታ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ በማንሸራተትም ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሞተሩን ግን ማጥፋት አይገባም፤ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይል ይቀንሳል፣ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል።

ጎማን መዝለል ሁለተኛው ስህተት ነው። እየተሸራረፈ ያለቀ ጎማ ልክ እንደ ተበላሸ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ፣ ወይም የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲቀያየሩ ድምፁ ቦታ ከቀየረ፣ ሌላ ነገር መፍታት አያስፈልግም።

ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ሲነቀነቅ ስላልተወዛወዘ ብቻ ኩሽኔታውን ነጻ ማውጣትም የተለመደ ነው። ገጹ የተቦረቦረ ኩሽኔታ ጭራሽ ላይወዛወዝ ይችላል፤ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሌላውን እጅ ሞላው (ስፕሪንጉ) ላይ ቢያሳርፉ ሻካራነቱ ይታወቃል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ያን ጊዜ የሚበረታ ድምፅ ወደ ቀኙ ኩሽኔታ ይጠቁማል፤ ይህም ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም።

እንደ እኔ እምነት በእጅ የሚቆለፍ ፍሪ ዊል (የፊት ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ መቆለፊያ) ያለው መኪና ባለቤት የሚዘነጋው ትልቁ መመርመሪያ በፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ተቀምጧል። ትራንስፈር ኬዙ በሁለት ጎማ ላይ (ኃይል ለኋላ ጎማዎች ብቻ በሚሰጥበት) ሆኖ ፍሪ ዊሎቹ ሲለቀቁ፣ ከፊት በኩል ከጎማዎቹና ከኩሽኔታዎቻቸው በቀር ዲፈረንሻሉም፣ ሴሚያሶቹም (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች)፣ የፊቱ የማስተላለፊያ ዘንግም አይዞሩም። ፍሪ ዊሎቹ ተቆልፈው መኪናው በሁለት ጎማ እንዳለ ሲነዳ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሞተር ኃይል ሳያገኛቸው ይዞራሉ። በሁለተኛው ጊዜ ብቻ የመጣ ድምፅ ፍለጋውን ወደ ፊቱ ክፍል ያጠብበዋል። ይህ ሙከራ በደረቅ አስፋልት ላይ ይቻላል። አራቱን ጎማ አስገብቶ በደረቅ አስፋልት መሞከር ግን ስህተት ነው፤ በፊትና በኋላ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት የሚያስተናግድ መካከለኛ ዲፈረንሻል በሌለው መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎች በኩርባ ላይ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ማስተላለፊያው ተወጥሮ ራሱ አዲስ ድምፅ ይፈጥራል። ለዚያኛው ልል የጠጠር መንገድ ያስፈልጋል።

ጉርምርምታንና ፉጨትን አንድ አድርጎ መስማትም ወደ ተሳሳተ ፍቺ ይወስዳል። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ወይም ሲለቀቅ ብቻ የሚያፏጭ ዲፈረንሻል የጥርሶቹን ግንኙነት ያስጠረጥራል፤ ሳይቋረጥ የሚያጉረመርም ደግሞ ኩሽኔታዎቹን። ሬሾው 4.1 በሆነ ዲፈረንሻል ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ፒንየኑ (ከማስተላለፊያ ዘንጉ ኃይል የሚቀበለው የዲፈረንሻሉ ትንሽ ጥርስ) 4.1 ጊዜ ስለሚዞር፣ የፒንየን ኩሽኔታ ድምፅ ከጎማው ይልቅ ቀጠን ይላል። 4ኛው ማርሽ ቀጥታ በሚያስተላልፍ ካምቢዮ ደግሞ፣ በሌሎቹ ማርሾች የሚሰማው ድምፅ በ4ኛው በግልጽ ከቀነሰ ጥርጣሬው በካምቢዮው ውስጥ ባለው አጋዥ ዘንግ ላይ ያርፋል፤ በ4ኛው ኃይሉ በእሱ በኩል አያልፍምና።

የፒንየኑ ዘንግ ላላ ብሎ ስለተገኘ ዳዶውን ዝም ብሎ ማጥበቅ ጥገና አይደለም። የኩሽኔታው ውጥረት በልክ የሚስተካከል ነው፤ ከልኩ ያለፈ ኩሽኔታ ግሎ ቶሎ ይሞታል። ድምፅ ለማፈን ወፍራም ዘይት መሙላትም ያው ነው። ዘይት ሲፈተሽ ከማውጫው በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱ ይረጋገጥ፤ አለበለዚያ ዘይቱን አፍስሶ መሙላት ያቅታል። የማውጫው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ሲሆን፣ በጣት የሚለይ ስንጣሪ ግን አይደለም።

በመጨረሻ የማስተላለፊያ ዘንግ ሲፈታ ምልክት አለማድረግ አለ። ተንሸራታቹ ክፍል በተሳሳተ ጥርስ ከገባ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች አቅጣጫ ይዛባና ያልነበረ ንዝረት ይመጣል። የእጅ ፍሬናቸው የኋላውን ዘንግ በሚይዝ መኪኖች፣ ለምሳሌ በቆዩት ላንድሮቨሮች፣ ዘንጉ ሲወጣ ፍሬኑም አብሮ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ጎማዎቹን በታኮ መደገፍ ግድ ነው። የፊቱ ዘንግ ከወጣ በኋላ ፍሪ ዊሎቹን ቆልፎ በሁለት ጎማ መንዳት የቀረውን ይለያል፦ ድምፁ ከጠፋ ዘንጉ፣ ክሮቼራዎቹ ወይም የትራንስፈር ኬዙ የፊት መውጫ፣ ከቀጠለ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ወይም ሴሚያሶቹ ይፈተሻሉ።