ከኦቦ ወደ ድርሰትና ወደ ኦርኬስትራ መሪነት፦ የሃይንስ ሆሊገርን ፈለግ ለሚከተል ተማሪ የቀረበ መመሪያ

ኦቦ የተባለውን ባለ ሁለት ምላስ የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ የሚማር ሰው ሙዚቃ መድረስና ኦርኬስትራ መምራትም እንደሚፈልግ ሲናገር፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጥ ነው። የስዊዘርላንዳዊው የሃይንስ ሆሊገር ሕይወት ግን ይህን ምክር አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1939 በበርን ካንቶን (ክልል) በምትገኘው በላንገንታል የተወለደው ሆሊገር ተጫዋችነቱን፣ ደራሲነቱንና መሪነቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ሳይሆን ከአንድ ሥር እንደ በቀሉ ቅርንጫፎች ይዞ ዘልቋል። ሥሩ ደግሞ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሥራውን ከዚያው መጀመር ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድመው ሪድዎን፣ ማለትም ሲነፋ ድምፁን የሚፈጥረውን የሸምበቆ ምላስ፣ በእጅዎ መሥራት ይማሩ። ሸምበቆው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ እጥፍ ተደርጎ በአጭር የብረት ቱቦ ላይ በክር ይታሰራል፤ ጫፉ ሲቆረጥ ሁለት ምላስ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ጫፉ እየሳሳ እንዲሄድ በስለት ይፋቃል። ኦቦው ላይ ከመሰካትዎ በፊት ሪዱን ብቻውን ነፍተው የሚሰጠውን ድምፅ ያዳምጡ። ድምፁ ለስላሳ ትንፋሽ ሲያገኝ ወዲያው ካልተነሣ ገና መፋቅ ይቀረዋል ማለት ነው፤ ሲፍቁ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፣ ምክንያቱም የተፋቀው ተመልሶ አይገጠምም። ይህ ሥራ አሰልቺ መስሎ ቢታይም፣ የአንድ ድምፅ ጠባይ ከምን እንደሚመጣ ጆሮን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

የኦቦ ተጫዋች ችግር የአየር ማነስ ሳይሆን የአየር መትረፍ ነው። በሁለቱ ምላሶች መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ዜማው ሲያበቃ ሳንባው ገና በተቃጠለ አየር እንደ ተሞላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ኖታዎ ላይ አየር የሚያስገቡበትን ብቻ ሳይሆን የሚያስወጡበትንም ቦታ በተለያየ ምልክት ይጻፉ። ሆሊገር ከሚታወቅባቸው ችሎታዎች አንዱ ደግሞ ድምፁን ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ መንፋት መቻሉ ነው፤ ይህም አየርን በጉንጭ አጠራቅሞ፣ ያንኑ በጉንጭ ጡንቻ እየገፉ በዚያው ቅጽበት በአፍንጫ አዲስ አየር መሳብ ነው። ልምምዱን በኦቦ አይጀምሩት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በስትሮ እየነፉ፣ በአፍንጫዎ በሚስቡበት ጊዜ አረፋው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ማድረግ እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሪዱ፣ በመጨረሻም ወደ መሣሪያው ይሻገሩ።

ድርሰትን ተጫዋችነትዎ «ከበሰለ» በኋላ ለማጥናት አያቆዩት። ሆሊገር በርን ውስጥ ኦቦ በሚማርበት ዘመን ከሻንዶር ቬሬሽ ዘንድ ድርሰት ይማር ነበር፤ በፓሪስም ኦቦን ከፒየር ፒየርሎ፣ ፒያኖን ከኢቮን ለፌቡር ተምሯል፤ በኋላም በባዝል ከፒየር ቡሌዝ የድርሰት ትምህርት ወስዷል። በ1959 የጄኔቫን፣ በ1961 የሙኒክን ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፈው ይህ ሁሉ ጎን ለጎን እየሄደ ሳለ ነው። ኦቦ በተለመደው አጨዋወት በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ የሚያሰማ መሣሪያ ስለሆነ፣ አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ጥምረት ከጣትዎ ሥር የሚያገኙት በፒያኖ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ይስጡት። በኦርኬስትራ ውስጥ ቦታ ካገኙም፣ ሌሎች ሲጫወቱ ዝም የሚሉባቸውን ረጃጅም ዕረፍቶች በመቁጠር ብቻ አያሳልፏቸው። ቤትዎ ሙሉውን ኖታ አጥንተው ይምጡና፣ ቪዮላዎቹና ሆርኖቹ የሚሠሩትን በጆሮዎ ይከታተሉ።

ከሕያዋን ደራሲዎች ጋር መሥራት የዚህ መንገድ እጅግ ለም ክፍል ነው። ሉቺያኖ ቤሪዮ ለብቸኛ ተጫዋች ከጻፋቸው ተከታታይ ሥራዎች ሰባተኛውን «ሴኩዌንሳ» በ1969 ለሆሊገር ጻፈለት፤ በዚያ ሥራ አንዲት «ሲ» (በእንግሊዝኛው አሰያየም B የምትባለው ድምፅ) ከማይታይ ምንጭ በለሆሳስ ሳትቋረጥ ስትሰማ፣ ኦቦው በእርሷ ዙሪያ ይዞራል። ቪቶልድ ሉቶስላቭስኪ በ1980 ለሆሊገርና ሃርፕ ተጫዋች ለነበረችው ለባለቤቱ ለኡርዙላ፣ ሁለት ብቸኞች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱበትን የድርብ ኮንቼርቶ ደርሷል፤ ኤሊየት ካርተርም የኦቦ ኮንቼርቶውን በ1987 ጽፎለታል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚመጣው ለደራሲው የሚያሳየው ነገር ላለው ተጫዋች ነው። አንድ ደብተር ይክፈቱና መሣሪያዎ የሚሰጣቸውን ያልተለመዱ ድምፆች፣ በተለይም በአንድ ትንፋሽ ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፆች አብረው የሚወጡባቸውን የጣት አቀማመጦች ይመዝግቡ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ድምፁ በፍጥነት ይነሣ እንደ ሆነ፣ በለሆሳስ መነፋት ይችል እንደ ሆነ፣ ደግመው ሲሞክሩትም ያው ሆኖ ይገኝ እንደ ሆነ ይጻፉ። የማይደገመውን ድምፅ ለደራሲ አያቅርቡ፤ በልምምድ ጊዜ ሁለታችሁንም ያደክማል።

ያው ደብተር ለራስዎ ድርሰትም መነሻ ይሆናል። ሆሊገር በ1971 የጻፈው «ካርዲዮፎኒ» የነፊውን የራሱን የልብ ምት በማይክሮፎን አጉልቶ ለሙዚቃው ፍጥነት መሠረት ያደርገዋል፤ ልቡ በጥረት ሲፈጥን ሙዚቃውም አብሮ ይፈጥናል። ይህን መኮረጅ አያስፈልግም። ሊወሰድ የሚገባው ድርሰቱ ሐሳቡን ከውጭ ሳይበደር ከተጫዋቹ አካል መነሣቱ ነው። በጀርመናዊው ገጣሚ በፍሪድሪሽ ሆልደርሊን የኋለኛ ዘመን ግጥሞች ላይ የቆመው «ስካርዳኔሊ ዑደት» ከ1975 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ጥቂት በጥቂት የተሰባሰበ ነው። እርስዎም ለብቻቸው መቅረብ የሚችሉ አጫጭር ሥራዎችን ይጻፉ፤ ከኦቦም ቶሎ ወጥተው ለድምፃውያንና ለባለ አውታር መሣሪያዎች ይድረሱ፣ ያለዚያ ጣትዎ የለመደውን ብቻ ሲደግሙ ይኖራሉ።

መሪነት በመጨረሻ ይምጣ፤ የሚጀመረውም ከሚያውቁት ነው። የሞዛርት «ግራን ፓርቲታ» አሥራ ሁለት የትንፋሽ መሣሪያዎችና አንድ ኮንትራባስ ብቻ ስለሚፈልግ ለመጀመሪያ ልምምድ የሚመች ሥራ ነው። እያንዳንዱን መስመር መዘመር ሳይችሉ በተጫዋቾቹ ፊት አይቁሙ። መግቢያውን የሚሰጡበት የእጅ እንቅስቃሴ የትንፋሽ ርዝመት ይኑረው፤ ነፊዎች አብረው የሚገቡት መሪው ከእነርሱ ጋር ሲተነፍስ ነው። የቀስት አያያዝን በተመለከተ የመጀመሪያውን ቫዮሊን ተጫዋች ይጠይቁ፣ በግምትም አይወስኑ። ሆሊገር የጀርመናዊውን ደራሲ የሮበርት ሹማንን የኦርኬስትራ ሥራዎች ከኮሎኙ የሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር በሙሉ ሲቀርጽ፣ ከኋላው የብዙ ዓመታት የነፊነትና የደራሲነት ልምድ ነበረው።

ልምምዱን በማዳመጥ ለማገዝ፣ ሆሊገር ከኦቦ ተጫዋቹ ከሞሪስ ቡርግና ከባሱን (ዝቅተኛ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋቹ ከክላውስ ቱነማን ጋር በቀረጻቸው የባሮክ ዘመን ደራሲው የዜሌንካ ሶናታዎች ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የቤሪዮን ሥራ፣ ከዚያም የሹማንን ሲምፎኒዎች ያዳምጡ። ኖታውን ከፊትዎ ዘርግተው፣ በመጀመሪያው ጊዜ ትንፋሹ የት እንደሚወሰድ ብቻ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።