ጀጎል ገብቶ በባዶ ደብተር መመለስ

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ሥዕል እሠራለሁ። ሐሳብ ሲደርቅብኝ ወደ ሐረር እሄድ ነበር። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ነፍስ ይዘራል። ጀጎል ገብቼ ቀለም የተቀቡትን ግድግዳዎች አያለሁ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አያለሁ፣ ከዚያ ደብተሬን እንደ ነጣ ይዤው እመለሳለሁ። ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው፣ ቦታው ራሱ ይሠራልኛል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሲመጣ ግን ግጥም ከተወ ዓመታት አልፈውት ነበር። እዚያ ቡናና ቆዳ ነገደ። ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች መሰልቸቱን ያማርራል። ከሐረር ዘመኑ ደብዳቤዎችና ጥቂት ፎቶዎች ተርፈውናል፣ ግጥም ግን የለም። ጀጎል ለእሱ ያላደረገችውን ለእኔ በአንድ ቅዳሜ እንድታደርግልኝ እጠብቅ ነበር። አይ ድፍረት!

ሁለተኛው የራስን ሰፈር መናቅ ነው። ደቻቱን በየቀኑ እሻገራለሁ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው፣ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው። ሰው በመሃሉ ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሲሞላ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የድሬ ሰው ያውቃል፤ የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ማን ይረሳል? ይህን ሁሉ በባጃጅ እያለፍኩ ነበር ሐሳብ ፍለጋ ሌላ ከተማ የምሄደው።

ምርቃና መጠበቅም አለ። በዚያ ሰዓት የማይገኝ ሐሳብ የለም። ጠዋት ግን የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ያቅተኛል። ስለዚህ አልጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ስልክን ቀድሞ ማውጣት። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከስፌት ማሽኖቹ ድምፅ ነው። ፎቶ እያነሳሁ አልፍ ነበር፤ ቤት ስገባ በፎቶዎቹ ውስጥ ያ ግርግር የለም። አንድ ቀን የስልኬ ባትሪ አለቀ። ምን ላድርግ፣ አንዱ ሰፊ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ስፒል በከንፈሩ ስለያዘ ለደንበኛ የሚመልሰው በቅንድቡ ነው። አንድ እናት የወንድ ኮት ይዘው መጡ። ለልጅ ልጃቸው እንዲያጠብብላቸው ፈልገዋል።

«እጅጌውን ቁረጠው፣ ወገቡን አጥብበው። ኪሱን ግን እንዳትነካው» አሉ።

እኔ ሆዬ ቸኮልኩ። «ለምን እማማ?» አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ልብስ ልታሰፋ ነው የመጣኸው?»

አምስተኛው ስህተት ይኸው ነው፤ ሰው ያልሰጠውን መጠየቅ። ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ራሳቸው ይነግሩን ነበር። አሁን ያ ኪስ ውስጥ ምን እንደነበር አላውቅም። ፊታቸውንም ልስል አልደፈርኩም፤ አልፈቀዱልኝማ። ኮቱን ብቻ፣ ማሽኑ ላይ ተጋድሞ ሳልኩት። ስጀምረው ኪሱ ላይ የሚወድቅ እንባ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር። ሳላፍር ልናገር፣ አንድ ቀን ሙሉ እንባውን ስቀባ ዋልኩ። ማታ አጠፋሁት። እሳቸው አላለቀሱም፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የማስለቅሳቸው? በኪሱ ጠርዝ ያለውን የወየበ ክር ብቻ ተውኩት።

የመጨረሻው ስህተት ጨረስኩ ብሎ ለማሳየት ማፈር ነው። ሥዕሉን ለሰፊው ያሳየሁት ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ስፒሉን ከከንፈሩ አንድ በአንድ አወጣና ረጋ ብሎ አየው።

«መዘውሩ በቀኝ ነው አቦ! በግራ አድርገኸዋል። በዚህ ማሽን ማን ይሰፋል?»

ማሽኑን የሳልኩት በትዝታዬ ተማምኜ ነበር፤ ሰውዬው ልክ ነበር። ከዚያ ጣቱን ወደ ኮቱ ወሰደ። «ይሄን ልጁ ለብሶት ነበር ባለፈው፣ አሁንም ትልቅ ሆኖበታል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መዘውሩን ወደ ቀኝ እያዞርኩ ነው።