«ካይንድ ኦቭ ብሉ»ን ከቤዙ ጀምራችሁ ስሙት

ጃዝ አይገባኝም ለሚለኝ ሰው ሁሉ የማቀብለው አንድ አልበም ነው፤ የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ»። ብዙ ሰው ግን ይከፍተውና ሽንኩርት ወደ መክተፉ ይሄዳል። ሙዚቃው ለስላሳ ስለሆነ ለዚያም ይሆናል። እንዲህ ከሰማችሁት ግን ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ሆኖ ያልፋችኋል። እኔ የምሰማበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደህና ኢርፎን ወይም ቤዝ አጥርቶ የሚያወጣ ስፒከር ፈልጉ። በስልኩ ስፒከር ከሆነ ይቅርባችሁ። የፖል ቻምበርስ ቤዝ ይጠፋል፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ የመጀመሪያው ሙዚቃ ወገቡ ተሰበረ ማለት ነው።

ያ ሙዚቃ «ሶ ዋት» ነው፤ ከ9 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ፒያኖና ቤዝ ቀስ ብለው፣ ምት ሳይዙ ይገባሉ። ከዚያ ዜማውን የሚይዘው ማን መሰላችሁ? ቤዙ ነው። ቤዙ ይጥላል፣ ፒያኖው በሁለት ድምፅ ይመልሳል። ቀጥሎ ትራምፔቱና ሳክስፎኖቹም መልሱ ውስጥ ይገባሉ፤ አዝማሪ ሲጥል ቤቱ እንደሚቀበለው። መጀመሪያ ስትሰሙት ሌላውን ሁሉ ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ።

አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ንቁ። ማይልስ ሶሎውን፣ ማለትም ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል፣ ሲጀምር ድራመሩ ጂሚ ኮብ ሲምባሉን (የድራሙን የብረት ሳህን) አንዴ ይመታዋል። ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ከትራምፔቱ ሥር እየተንሳፈፈ ይቆያል። እኔ ይቺን ቦታ ወደኋላ እየመለስኩ ነው የምሰማት።

ሁለተኛ ስትሰሙት ቅኝቱን ያዙ። በዚያ ዘመን የጃዝ ተጫዋች ከኮርድ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች ወደ ሌሎች) እየተሯሯጠ ነበር የሚጫወተው። ማይልስ ግን እዚህ ላይ ሁለት ስኬል፣ እንደ ቅኝት ያለ የድምፆች መደዳ፣ ብቻ ሰጣቸው። 16 ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) በአንዱ ይቆያሉ፣ 8 ባር በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ለ8 ባር ይመለሳሉ። ስኬሉ ከእኛ ይለያል፤ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ የእነሱ ሰባት። ነገር ግን አንድ ቅኝት ውስጥ ገብቶ መቆየትን ጆሯችን ከጥንት ያውቀዋል። ለዚህ ነው አልበሙ ለሐበሻ አይከብድም የምለው።

ሦስተኛው ዙር ለሰዎቹ ነው። ማይልስ ጥቂት ይናገራል፣ ዝምታም ይተዋል። ጆን ኮልትሬን በቴነር ሳክስፎን ተቀብሎ እየቆፈረ ይሄዳል። ካኖንቦል አደርሊ በአልቶው ሲመጣ ቤቱ ይሞቃል። መጨረሻ ላይ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ።

የቀሩት አራቱ ናቸው። «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ብሉዝ ነው፤ እዚህ ብቻ ፒያኖው የዊንተን ኬሊ ነው። «ብሉ ኢን ግሪን» ላይ ካኖንቦል የለም፤ ይህን ማታ ስሙት። «ኦል ብሉዝ» በስድስት ስለሚቆጠር በችክችካ ያደገ እግር ቶሎ ይቀበለዋል። «ፍላሜንኮ ስኬችስ» ደግሞ አምስት ስኬል አለው፤ ሶሎ የሚጫወተው ሰው በእያንዳንዱ ላይ የፈለገውን ያህል ይቆያል።

ይህ ሁሉ የተቀዳው በ1959 (እ.ኤ.አ.)፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ፤ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22።

የድሮ ሸክላ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በመጀመሪያው ቀን አንዱ የቴፕ ማሽን ቀስ እያለ ስለቀዳ፣ የመጀመሪያው ገጽ ሲጫወት ትንሽ ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። አብራችሁ ኪቦርድ ልትነኩ ብትሞክሩ አይገጥምላችሁም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡት እትሞች ተስተካክለዋል። ከ1997ቱ ጀምሮ ብዙዎቹ ላይ የ«ፍላሜንኮ ስኬችስ» ሌላ ቅጂም ተጨምሯል። ሁለቱን አከታትላችሁ ክፈቱና ማይልስ በመጀመሪያው ስኬል ላይ ምን እንደቀየረ ፈልጉ።