ዝም ያለውን ቡድን በእንቆቅልሽ አፍታታሁት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአዳዲስ በጎ ፈቃደኞች የትውውቅ ጨዋታ እመራለሁ። «ስለራሳችሁ አስገራሚ ነገር ንገሩን» ሲባል ሁሉም አቀርቅሮ ዝም ይላል። ባልለመዱት ሰው ፊት ስለራስ ማውራት እኮ ይከብዳል።

መፍትሄው እንቆቅልሽ ሆነ። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዷ «እንቆቅልሽ!» ስትል ጎረቤቷ «ምን አውቅልሽ!» ይላል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት?» ጤዛ ናት። ካላወቀ አገር ይሰጣል። እኔ የጨመርኩት አንድ ደንብ ነው፦ ስሙን ተናግሮ የትውልድ ቦታውን ይስጥ። «ቢቸናን ሰጠሁሽ» ይላል። እሷም «ቢቸና ገብቼ ምን አጥቼ!» ብላ ጤፉን፣ ማሩን ትደረድራለች። የቢቸናው ልጅ «ኧረ እሱንማ ረሳሽው!» ብሎ ሲገባ ወሬው ደራ።

ቡድኑ ትልቅ ከሆነ ለሁለት ክፈሉት። ተራ መጠበቅ ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል።