ሆን ተብሎ የተገደፈ ፊደል፦ ስለ ግሪኮች ሊፖግራም ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእኛ ቋንቋ «የፊደል ግድፈት» ማለት ስህተት ነው። አራሚ ያያታል፣ በቀይ ያከብባታል፣ አለቀ። የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ ግን ፊደልን ሆን ብለው የሚገድፉ የግሪክኛ ገጣሚዎች ነበሩ። የሚገድፉትም ከአንድ ስንኝ ሳይሆን ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜር ሁለቱ ረጃጅም ግጥሞች፣ ኢሊያድና ኦዲሲ፣ እያንዳንዳቸው «መጽሐፍ» የሚባሉ 24 ክፍሎች አሏቸው። የግሪክ ፊደልም 24 ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱ በፊደል ይጠራሉ፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ እያለ እስከ ኦሜጋ። የላራንዳው ኔስቶር ኢሊያድን እንደ አዲስ ጻፈው። በአልፋ መጽሐፍ ውስጥ አንዲትም አልፋ የለችም። በቤታው ቤታ የለችም። እንዲህ እያለ 24ቱንም ዘለቀ። ላራንዳ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካራማን የምትባለው ከተማ ናት፤ ሰውየው የኖረውም በንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ193 እስከ 211 ባለው ጊዜ ነው። በሆሜር ውስጥ ካለው ሽማግሌ ጀግና ከኔስቶር ጋር እንዳታምታቱት። ግብፃዊው ትሪፊዮዶሮስ ደግሞ ኦዲሲን በዚያው መንገድ ሠራው። ጥበቡ ሊፖግራም ይባላል፤ ፊደል የጎደለው እንደ ማለት።

ይህን ጥበብ በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ስለሱ ሲወራ የሚደጋገሙትን ስህተቶች ዝም ብዬ ማለፍ የሚከብደኝ።

በእጃችን ያለውን ግጥም ሊፖግራም አድርጎ ማንበብ

ከትሪፊዮዶሮስ ሥራዎች አንዱ ተርፎልናል። ስለ ትሮይ መያዝ የሚተርክ የ691 ስንኝ ግጥም ነው። ብዙ ሰው «ትሪፊዮዶሮስ ፊደል የሚያስቀር ገጣሚ ነው» የሚለውን ይሰማና ይህን ግጥም ከፍቶ የጎደለ ፊደል ይፈልጋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አድርጌያለሁ። አይገኝም። የግጥሙ የመጀመሪያ ቃል «ቴርማ» ነው፤ መጨረሻ ማለት ነው። አልፋ እዚያው ጫፉ ላይ ተቀምጣለች።

ግጥሙን ግን በራሱ አንብቡት። ትሮይ የተያዘችበትን የእንጨት ፈረስ አሠራር ከጥፍሩ እስከ ጋማው ያሳያችኋል። ዓይኖቹ ላይ አረንጓዴ ቤሪልና ደም የመሰለ አሜቲስት የሚባሉ የከበሩ ድንጋዮች ተሰክተውበታል። አናጺው ሥራውን ጨርሶ ፈቀቅ ብሎ ሲያየው የምታዩት ያህል ነው።

ሊፖግራሙ ኦዲሲ ግን ጠፍቷል። የኔስቶርም ኢሊያድ ጠፍቷል። መኖራቸውን የምናውቀው ሌሎች ስለጻፉልን ነው፤ በተለይም ሱዳ የሚባለው የ10ኛው ክፍለ ዘመን የባይዛንታይን መዝገበ ዕውቀት። እንግዲህ ከዚህ በታች ስለ አሠራሩ የምለው ሁሉ ከሆሜር ቋንቋ የተነሣ ነው። ገጣሚው በእጁ የነበረውን ዕቃ እናያለን እንጂ የሠራውን ቤት አናይም።

ነገሩን ቃል በቃል መተካት አድርጎ ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 እንግሊዛዊው ጆሴፍ አዲሰን በጋዜጣው ላይ ትሪፊዮዶሮስን አብጠለጠለው። ከቋንቋው ሁሉ የተመረጠው ቃል አንዲት የማትፈለግ ፊደል ስላለችበት ብቻ፣ እንከን እንዳለበት አልማዝ ይጣላል አለ። አባባሉ ያምራል። ግን ገጣሚው ቃል እያነሣ ቃል የሚጥል ያስመስለዋል።

እስቲ የኦዲሲን የአልፋ መጽሐፍ እንውሰድ። አቴና የተባለችው አምላክ የባለታሪኩ የኦዲሴውስ አገር ወደሆነችው ኢታካ ወርዳ ልጁን ቴሌማኮስን ታነቃቃዋለች። የኦዲሴውስ ሚስት ፔኔሎፔያም ከሰገነቷ ትወርዳለች። አቴና፣ ኢታካ፣ ቴሌማኮስ፣ ፔኔሎፔያ፦ በአራቱም ስም ውስጥ አልፋ አለች! ገና ከመጀመሪያው ገጽ ባለታሪኮቹ በስማቸው ሊጠሩ አይችሉም።

መውጫ ግን አለ። የሆሜር ቋንቋ ሰውን በብዙ መንገድ ይጠራል። ቴሌማኮስ «ኦዲሴዎስ ፊሎስ ሁዮስ»፣ የኦዲሴውስ ውድ ልጅ፣ ይባላል። አልፋ የለችበትም። አቴና «ኩሬ ዲዮስ»፣ የዜውስ ልጅ፣ ልትባል ትችላለች። አልፋ የለችበትም። ግን ልብ በሉ፤ አሁን ልጁ በራሱ ስም የሚጠራ ወጣት መሆኑ ቀረ። በየስንኙ የአባቱ ልጅ ነው። አባቱ የጠፋበት ልጅ ታሪክ ውስጥ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ፊደሏ ስትወጣ ሰዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና ጎልቶ ወጣ።

የኦዲሴውስን ስም ራሱን እንየው። በግሪክኛ አጻጻፉ አምስት የተለያዩ ፊደላት አሉበት፦ ኦሚክሮን፣ ዴልታ፣ ኡፕሲሎን፣ ሲግማና ኤፕሲሎን። ስለዚህ ከ24ቱ መጻሕፍት በአምስቱ ስሙ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። በአምስተኛው፣ በኤፕሲሎን መጽሐፍ፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ባለቤት ሲሆን ኤፕሲሎን አለበት፤ ተሳቢ ሲሆን «ኦዲሴአ» ይባላልና በሆሜር አጻጻፍ ሌላኛዋን ፊደል፣ ኤታን፣ ይይዛል። ጀግናው የሚያደርግ ሰው ሆኖ መቅረብ አይችልም፤ የሚደረግበት ሰው ሆኖ ግን ይችላል። መጽሐፉ ደግሞ ማዕበል ታንኳውን ሰባብሮ ባሕሩ እንዳሻው የሚያንገላታው መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዘጠነኛው መጽሐፍ ነው። የዮታ መጽሐፍ። ኦዲሴውስ በአንድ ዓይናው ግዙፍ ዋሻ ውስጥ ተይዟል። ስምህ ማነው ሲባል «ኡቲስ» ይላል፤ ማንም ማለት ነው። ግዙፉ ዓይኑ ሲጠፋ ይጮኻል። ጎረቤቶቹ ማን ነካህ ይሉታል። «ማንም» እያለ ሲመልስ፣ ማንም ካልነካህማ ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። የታሪኩ ማጠንጠኛ ያቺ አንዲት ቃል ናት። «ኡቲስ» ግን ዮታ አለባት። «ኡዴይስ» የሚለው ሌላው ቃልም ዮታ አለበት። ተሳቢው «ኡዴና» ግን ንጹሕ ነው። ይህን መጽሐፍ ያለ ዮታ የሚጽፍ ሰው ቃል ለውጦ አይገላገልም። ቀልዱን ከመሠረቱ አፍርሶ እንደገና መሥራት አለበት። ትሪፊዮዶሮስ እዚህ ጋ ያደረገውን ለማየት ብዙ ነገር በሰጠሁ ነበር።

ድምፅንና ፊደልን መቀላቀል

ፊደል ማስቀረት በእነዚህ ሰዎች አልተጀመረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ የሄርሚዮኔው ላሶስ ያለ ሲግማ መዝሙር ደርሷል። ግን የሱ ጉዳይ የጆሮ ጉዳይ ነበር። የሲግማ ፉጨት በዜማ ውስጥ ደስ አይልም ይሉ ነበር።

የኔ ጀግኖች ጉዳይ ደግሞ የዓይን ነው። እነሱ የሚሸሹት የመጽሐፉን መለያ ፊደል ነው። ክሲና ፕሲ በውስጣቸው የ«ስ» ድምፅ አላቸው፤ በጽሑፍ ግን ሲግማ አይደሉም። በሌላ በኩል ኦሚክሮንና ኦሜጋ በዘመናቸው በአፍ ሲነገሩ ልዩነታቸው ጠፍቶ ነበር፤ በጽሑፍ ግን ሁለት ፊደል ናቸው፣ ሁለት መጽሐፍም አላቸው። እኛ ሰ እና ሠን በአፍ ሳንለይ በጽሑፍ እንደምንለያቸው ማለት ነው።

ሁሉም ፊደል እኩል ይከብዳል ማለት

አይከብድም። ፕሲ በግሪክኛ ብዙ አትገኝም። 23ኛው መጽሐፍ ቀላል ይመስላል። ግን እዚያ ኦዲሴውስ ከሚስቱ ጋር ተኝቶ ያሳለፈውን ሁሉ ያወራላታል። ለዓመታት ይዛ ያስቀረችው የካሊፕሶ ስም ደግሞ ፕሲ አለበት! ለሚስቱ ሁሉን ሲናገር ያቺን ሴት በስሟ ሊጠራት አይችልም። የአትላስ ልጅ ብሎ ማለፍ ይኖርበታል።

ሲግማ ደግሞ የጭንቅ ፊደል ናት። ብዙ የወንድ ስም ባለቤት ሲሆን በሲግማ ያልቃል። በ18ኛው መጽሐፍ ኦዲሴውስ ኢሮስ ከሚባል ለማኝ ጋር ይደባደባል። ለማኙ በስሙ መምታት አይችልም። «ኢሮን» ሆኖ መመታት ግን ይችላል።

«የኋላ ዘመን» ሲባል «የደከመ» ብሎ መስማት

ትሪፊዮዶሮስን ለረጅም ጊዜ የኖኖስ ተከታይ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ኖኖስ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ነው፤ ስለ ወይን አምላኩ ስለ ዲዮኒሶስ 48 መጻሕፍት ጽፏል። ያ የኢሊያድና የኦዲሲ ድምር ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክሲሪንኮስ ከተባለው የግብፅ ቦታ የወጣ የፓፒረስ ቁራጭ ታተመ። የትሪፊዮዶሮስ ስንኞች አሉበት። የእጅ ጽሑፉ ከኖኖስ በፊት የተጻፈ ነው። ስለዚህ ተከታይ የተባለው ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። አሁንም የቆዩ መጻሕፍትን የሚገለብጥ ሰው የድሮውን ዘመን ይጽፋል፤ ተጠንቀቁ።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። ትሪፊስ በላይኛው ግብፅ፣ በአክሚም አቅራቢያ የምትመለክ አምላክ ነበረች። ትሪፊዮዶሮስ ማለት የትሪፊስ ስጦታ ነው። ገልባጮች ግን ይህችን አምላክ አላወቋትም። «ትሪፌ» የሚል ምቾትን የሚገልጽ የግሪክ ቃል ስላለ፣ በዮታ ፈንታ ኡፕሲሎን አስገቡ። ስለ ፊደል የኖረ ሰው በአንዲት ፊደል ምክንያት ግብፃዊነቱ ተሸፈነበት።

ከቅኔ ጋር ማምታታት

«እኛም ሰምና ወርቅ አለን» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሰምና ወርቅ ትርጉም ይደብቃል። ሊፖግራም የሚደብቀው ትርጉም የለውም፤ የሌለች ፊደል ብቻ ናት ያለችው። ቀረብ ያለ ንጽጽር ከፈለጋችሁ ዳዊት ክፈቱ። መዝሙር 118 በዕብራይስጥ ፊደላት የተከፋፈለ ነው፦ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ 22 ክፍል። በዕብራይስጡ እያንዳንዱ ስንኝ በክፍሉ ፊደል ይጀምራል። ያኛው ፊደሏን ያከብራል፤ ይሄኛው ይሸሻታል። ሁለቱም ግን ፊደልን ተራ ዕቃ አድርገው አያዩም።

በአማርኛ ሲሞክሩ ደንቡን አለመወሰን

የግሪክ ፊደል አናባቢና ተነባቢን ለየብቻ ይጽፋል። የእኛ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል። «ነ»ን ትቻለሁ የሚል ሰው ግዕዟን ብቻ ነው ወይስ ከ«ነ» እስከ «ኖ» ሰባቱንም? ይህን ሳይወስኑ መጀመር ራስን ማታለል ነው። «ሰ»ን ትቶ «ሠ»ን መጻፍም ያው ነው።

አንድ ማታ «ነ»ን ከነቤተሰቧ ትቼ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መነሻዬ ይህ ነበር፦ «ልጁ በሩን ከፍቶ ወጣና እናቱን ጠራ።» ነው፣ ነበር፣ እና፣ ግን፣ እንደ፣ ሁሉም ሄዱ። ከሁሉ የባሰው ግን የተሳቢዋ «ን» ናት። እሷ ስትሄድ ማን ምን እንዳደረገ ማመልከት ከበደ። አንድ ሰዓት ያህል ታግዬ የወጣው ይህ ነው፦ «በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ወጣ፤ ወላጁ ተጠራች።» በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አልተባለም። እናቱም እናት መሆኗ ቀርቶ ወላጅ ሆነች። ቤቱ ራሱ ሌላ ቤት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል መተካት ነው የሚለኝን ሰው፣ አንድ ማታ ያለ «ነ» ጻፍና እንነጋገር እለዋለሁ።

ስማችንን ባየንበት ሁሉ ኢትዮጵያን ማንበብ

በግሪክ ኤፒክ፣ ማለትም በረጅሙ የጀግንነት ግጥም፣ ውስጥ «አይቲዮፔስ» የሚባል ሕዝብ አለ። የሰምርኔሱ ገጣሚ ኩዊንቱስ ከ14 መጻሕፍቱ ሁለተኛውን ለንጉሣቸው ለሜምኖን ሰጥቶታል። ሆሜር ሲናገር ግን እነዚህ ሰዎች በምድር ጫፍና ጫፍ የሚኖሩ ናቸው፤ ገሚሶቹ ፀሐይ ከምትወጣበት፣ ገሚሶቹ ከምትጠልቅበት። በካርታ የሚለካ አገር አይደለም። ስሙ ከአክሱም ጋር ተያይዞ የምናየው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ኢዛና በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ግዕዙ «ሐበሠት» በሚልበት ቦታ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። በኢሊያድ አንደኛ መጽሐፍ ዜውስ ወደ አይቲዮፔስ ለግብዣ ይሄዳል። በኦዲሲ አንደኛ መጽሐፍ ደግሞ ፖሴይዶን እነሱ ዘንድ በሬና በግ ታርዶለት ተቀምጧል። ሁለቱም አንደኛ መጽሐፍ፣ ሁለቱም አልፋ። የአይቲዮፔስ የመጀመሪያ ፊደል ራሷ አልፋ ናት። ስለዚህ ኔስቶርም ሆነ ትሪፊዮዶሮስ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ያንን ስም መጻፍ አይችሉም ነበር። አማልክቱ ግብዣ የሄዱበትን ሕዝብ በሌላ ስም መጥራት ነበረባቸው።