ስለ ማሲንቆ የሚያስቅ ውሸት እንዴት ይወራል

ጎንደር ላይ ማሲንቆ እየተጫወትኩ እንግዳ ሳስተናግድ ከዘፈኑ እኩል የሚወደድልኝ ስለ መሣሪያው የምፈጥረው ውሸት ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ እውነቱን በደንብ ያዙ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ውሸቱን እዚህ ላይ አስደግፉት፦ «የጭራው ባለቤት አዘዞ ላይ ሲሮጥ እዚህ ፒያሳ ዘፈኑ ይፈጥናል።» እንግዳው ጭራውን ይዳስስ። እናንተ ፊታችሁን ሳትፈቱ ደጋኑን አፍጥናችሁ ሳቡ፤ ከዚያ ቀጥ አድርጉና «ውኃ ሊጠጣ ቆመ» በሉ። ሳቁ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ቀድማችሁ ከሳቃችሁ ግን አለቀ።

ስለ ማይክራፎንም ይቻላል፦ «ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ማይኩ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ጠብቁት።»

በገናን አትንኩ። የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሰው የሚቆዝምበትን ለቀልድ አላውልም።

ገንዘብ በሚያስወጣ ነገርም አትዋሹ። «ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ከለጠፍክ የባጃጅ ድምፅ አይገባም» የሚለው አያስቅም፤ ቤቱ ውስጥ መቅዳት የሚፈልግ ልጅ አምኖ ይለጥፋልና። ካርቶን ቀላል ስለሆነ የውጭ ድምፅ አያግድም፤ የሚያግደው ከባድ ግድግዳና ክፍተቱ የተደፈነ በር ነው። የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ ይሰቀል።