ፎር ዊል ያወጣል እንጂ አያቆምም፦ በክረምት መንገድ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰኔ ሲገባ ዝናቡም ይጀምራል፣ ፊልድ የሚወጣው መኪናም አይቀንስም። የሃርድቶፕ ወይም የሃይሉክስ ቁልፍ የተሰጠው አዲስ ሾፌር «ፎር ዊል ነው፣ የትም ይወጣል» ብሎ ይነሳል። መውጣቱንስ ይወጣል። አራቱም ጎማ ጉልበት ሲያገኝ ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ፍሬን ላይ ግን ፎር ዊል ከሌላው መኪና የሚለይበት ነገር የለም። ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው።

ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቁልቁለት የሆነው።

ሰው ዳገት ሲያይ ይጠነቀቃል። ማርሽ ይቀንሳል፣ ረዳቱን አውርዶ መንገዱን ያሳያል። ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግን ጥንቃቄው ሁሉ ይረሳል። በኤች ፎር (ፎር ዊል በፈጣኑ ማርሽ)፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ይወርዳል። እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ፍሬን በደንብ ከተረገጠ ጎማው ይቆለፋል። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይታዘዝም፤ መኪናው መሬቱ ወደሚወስደው ይሄዳል። ሾፌሩ ይደነግጥና ፍሪሲዮን ይረግጣል። ያኔ መኪናውን ይዞት የነበረው ሞተርም ይለቀዋል። በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ መውረድ ማለት ነው፣ ያውም ጭቃ ላይ።

አንድ ጊዜ በጅማ በኩል ወደ ገጠር በሚገባ መንገድ አንድ ወጣት እየነዳ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ልጁ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ በፍጥነት አይታማም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም አንድ ላይ ረገጣቸው። የመኪናው ኋላ ወደ ገደሉ በኩል መዞር ጀመረ። «ፍሪሲዮኑን ልቀቀው! ከፍሬኑም እግርህን አንሳ!» አልኩት። እግዜር ይስጠው፣ ሰማኝ። ሞተሩ ያዝ አደረገው፣ የፊት ጎማዎቹ ጎተቱና መኪናው ቀና አለ። ስንቆም የኋላው ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ «ጋሼ፣ ፍሬኑ እኮ ይሠራል» አለኝ። ፍሬኑማ ይሠራል። ያልያዘው መሬቱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አፋፉ ላይ፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ኤል ፎር፣ ማለትም ፎር ዊልን በጉልበተኛው ሎው ማርሽ፣ አስገቡ። አንደኛ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ ሁለተኛ ማርሽ ያዙ። ከዚያ የግራ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አርቁ፤ ታች እስክትደርሱ አትንኩት። አውቶማቲክ ከሆነም ሎው አስገብታችሁ ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ፍሬን ካስፈለገ በጣም በስሱ። መኪናው መንሸራተት ከጀመረ ፍሬኑን ልቀቁ፣ መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት አድርጉ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስጡ ሲባል ሰው ይፈራል። ጎማው መዞር ካልጀመረ ግን መሪው አይመለስም።

ሌላው ስህተት ፎር ዊልን ጭቃ ውስጥ ከተያዙ በኋላ ማስገባት ነው። በተለይ ዋልካ ላይ። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን ጥቁር ጭቃ አፈር አለ። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። በቾን ወይም ፎገራን በነሐሴ ያየ ያውቀዋል። ዋልካ የጎማውን ጥርስ በአንድ ዙር ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ጎማም ጥርሱ ካለቀ ጎማ አይሻልም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ወርዳችሁ በእግራችሁ እዩት፣ ኤች ፎር ወይም ኤል ፎር አስገቡ፣ ከገባችሁም ሳታቆሙ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እለፉ።

ከተያዛችሁስ? ነዳጅ አትርገጡ። እባካችሁ አትርገጡ። ጎማው በባዶ በዞረ ቁጥር መኪናው ወደ ታች ይቆፍራል፣ በመጨረሻም ሻንሲው ጭቃው ላይ ይቀመጣል። ሻንሲው ከተቀመጠ አራት ጎማም ቢዞር ዋጋ የለውም። መሄድ እንዳቆመ እናንተም አቁሙ። በገባችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ሞክሩ። እምቢ ካለ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ ዝቃችሁ ድንጋይና ዝንጣፊ አንጥፉ። የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ አካባቢ መቀነስም ይረዳል። ታዲያ ከወጣችሁ በኋላ እስክትሞሉት ድረስ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ የሚሞላ ነገርም ያዙ። ገጠር ውስጥ ጎሚስታ አይጠበቅም።

የሃብ ነገር። በአሮጌዎቹ ሃርድቶፖች ማርሹን ኤች ፎር ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። የፊት ጎማዎቹ መሃል ያለው ሃብ በእጅ ወደ «ሎክ» መዞር አለበት። ጭቃ ሲሸፍነው ጽሑፉ አይታይም፤ በጨርቅ ጥረጉና ቀስቱን እዩ። ሁለቱንም ጎን። የቀኙ «ሎክ» ላይ ሆኖ የግራው «ፍሪ» ላይ ከቀረ ጉልበቱ በሙሉ በግራ በኩል ያመልጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ምንም አይጎትቱም። ጥሩ መኪና በዚህ ምክንያት ተሰድቦ አይቻለሁ።

አስፋልት ላይ ስትወጡ ወደ ኤች ቱ፣ የኋላ ጎማ ብቻ ወደሚገፋበት፣ መልሱት። ሲታጠፍ የፊቱ ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሰዋል፤ አስፋልት ላይ ግን አይንሸራተትም፣ መሪው ይከብዳል፣ ካምቢዮውና ክሮቸራው ይጎዳሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ዝናብ ቢሆንም እንኳ ለእነዚያ መታጠፊያዎች የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ማርሽ እንጂ ፎር ዊል አይደለም።

ራቭ ፎር፣ ፎር ዊል ቢሆንም እንኳ፣ ሎው ማርሽ የለውም። ሃርድቶፕ በገባበት ተከትላችሁ አትግቡ።

ውሃን በተመለከተ አልደራደርም። ደራሽ ውሃ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ላይ ዝናብ ሳይኖርም ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በሌሊት፣ ከላይ ከደጋው የዘነበውን ይዞ ወርዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። ውሃው ከደፈረሰና እንጨት እየያዘ ከመጣ ዳር ቆማችሁ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ስኖርክል (አየር ከላይ የሚስበው ቱቦ) ሞተሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርጋል እንጂ መኪናው በጎርፍ እንዳይወሰድ አያደርግም። በሰላም ከተሻገራችሁ ደግሞ ፍሬኑን ደጋግማችሁ በስሱ ርገጡ፣ እንዲደርቅ።

የመጨረሻው መጎተት ነው። መኪና ገጠር ውስጥ ሲያዝ ሕፃን አዋቂው ሊረዳ ይወጣል። ሕዝባችን ደግ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ገመዱን ፓራውልት ላይ ወይም የተጎታች ኳስ ላይ አትሰሩ፤ ተነቅሎ ይወረወራል። ሻንሲው ላይ ያለውን መጎተቻ ፈልጉ። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ሸራ ጣል አድርጉበት፤ ቢበጠስ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ከኋላ የሚገፉ ካሉ ጎማው ጀርባ ማንም አይቁም። ልጆቹን ደግሞ ወርዳችሁ ራሳችሁ ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቋቸው፤ መሪ ላይ ተቀምጣችሁ «ዞር በሉ» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም።